ለናስትሮ አርበኞቻችን

እሑድ ከሰዓት፣ ሦስተኛው ቡና ከተጠጣ ወዲያ አባወራችን ፒንሳና ካቻቢቴ ይዘው ብድግ ሲሉ ደረቱ የማይነፋ ዘመድ የለም። በአንዱ ኪስ ናስትሮ፣ በሌላው ቴፍሎን፤ ከዚህ ያለፈው ዕቃ ትርፍ ነው። የኢነርጂ አዋጁ (810/2006) የኤሌክትሪክ ሥራ የብቃት ማረጋገጫ ላለው ባለሙያ ይሰጥ ይላል አሉ። ይበል እንግዲህ! እንዲህ ያለው ሰው ቢጠራ ገና ከበር ላይ “ቤቱ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ) አለው?” ብሎ ይጀምራል። በሰንበት ቀን ነገረኛ እንግዳ ማን ይጠራል?

ከሁሉ በፊት የብሬከሩ ጀብዱ ይወሳ። የእንጀራ ምጣዱ 3,500 ዋት ገደማ ይበላል፤ ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር መሆኑ ነው። በዚያው መስመር ላይ 1,500 ዋት ቦይለር ሲጨመር ወደ 23 አምፔር ይጠጋል። እናም 16 አምፔሩ ብሬከር ሁለተኛው እንጀራ ሳይወጣ ዱብ ይላል። ፈሪ ሰው ቢሆን ለምጣዱ ብቻ ከማከፋፈያው ሳጥን ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ያወጣና በ25 አምፔር ያስረው ነበር። አባወራችን ግን ምርመራ አካሂደው ጥፋተኛውን አገኙት፦ ብሬከሩ ነው! ሄደው ባለ 40 አምፔር ገዙ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ብሬከሩ ጨዋ ሆኗል፤ ድምፁ ተሰምቶ አያውቅም። የሚሞቀው ግድግዳ ውስጥ ያለው ባለ 2.5 ካሬ ሽቦ ነው፤ በኮንዲዩት (በሽቦ ቱቦ) ተቀብሮ 20 አምፔር ገደማ ቢችል ነው። እሱ ደግሞ ልስን ውስጥ ስለሆነ የሰው ዓይን አያስቀይምም። ክረምት ላይ ግድግዳው ለብ ይላል፤ ይህም ያው በረከት ነው።

ሽቦው ያጠረ እንደሆነ ይቀጠላል። ሁለቱን ጫፎች ጠምዘዝ ጠምዘዝ፣ በናስትሮ ጥቅልል፣ በስቱኮ ድፍን። መገጣጠሚያ ሳጥንና ብሎን ያለው ማያያዣ ለጠርጣራ ሰው ነው። ምጣዱ በተጣደ ቁጥር ያ ጥምዝ ይሞቃል፣ በጠፋ ቁጥር ይበርዳል፤ ሲሞቅ ሲበርድ እየላላ፣ በላላ ቁጥር ይብስ እየሞቀ፣ የናስትሮው ሙጫ ቀልጦ ይንሸራተታል። ቦታው የት እንደሆነ የሚያውቁት አባወራችን ብቻ ናቸው። እሳቸውም ረስተውታል።

ስለ ኧርዝ ግን ረዘም አድርገን ማመስገን አለብን። ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ በሰላሙ ጊዜ ምንም ስለማይሠራ እንደ ሥራ ፈት ይቆጠራል፤ ተቆርጦም ለደወል መስመር ይውላል። ከዚህ የረቀቁት ደግሞ ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን (መላሹን ሽቦ) ከኧርዙ ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኙታል። ቴስተር ቢነኩት አይበራም፣ ሁሉ ሰላም ነው። አንድ ቀን ወደ ሶኬቱ የሚመጣው ኒውትራል ሲበጠስ ግን የፍሪጁና የቦይለሩ ቆርቆሮ በሙሉ 220 ቮልት ይለብሳል። (መስመሩም ስሙ “ፌዝ” ነውና ማን በቁም ነገር ይወስደዋል?) በድሮው የብረት ቧንቧ ላይ ኧርዝ ያሰሩ አባቶች ነበሩ፤ ልጆቻቸው ቧንቧውን በፒፒአር ፕላስቲክ ቀይረው ሽቦውን እዚያው ላይ ትተውታል። ፕላስቲክ መብራት አያስተላልፍም ያለው ማን ነበር? እሱም እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። ሻወሩ ነዘር ሲያደርግ መፍትሔው ከተገኘ ቆይቷል፦ በነጠላ ጫማ መታጠብ። መስመሩ 30 ሚሊአምፔር መብራት ሲያፈስ የሚቆርጠው መከላከያም ተገጥሞ ነበር፣ “ዝም ብሎ ይቆርጣል” ተብሎ ተባረረ።

ወደ ውሃው ስንመጣ ቦይለሩ ሥር ያለችው ትንሽ ቫልቭ የክብር ቦታ ይገባታል። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 65 ዲግሪ ሲሞቅ አንድ ሊትር ገደማ ይጨምራል። ቫልቯ ወደ መጣበት መስመር እንዳይመለስ ስለምትዘጋ ያ ትርፍ በእሷው ጠብ ጠብ ይላል፤ ሥራዋ ይኸው ነው፣ ግፊቱ ወደ 7 ወይም 8 ባር ሲጠጋ መተንፈስ። አባወራችን ግን ጠብታ ማየት አይወዱም፤ ቴፍሎን ጠቅልለው በቡሽ ደፈኗት። አሁን ወለሉ ደረቅ ነው። ውሃው ሲሞቅ የሚያጠፋው ቴርሞስታት ተጣብቆ ካልቀረ በቀር ምንም አይሆንም፤ ቴርሞስታቱንም ባለፈው ወር “ውሃው አይሞቅም” ብለው በቀጥታ አገናኝተውታል።

የፒፒአር ብየዳቸውም ይወደስ። ማሽኑ 260 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ባለ 20 ሚሊው ቧንቧ 5 ሰከንድ ይሞቃል፣ ሳያሽከረክሩት 14 ሚሊ ያህል ይገባል። ለጥንካሬ ሲሉ እስከ 15 ሰከንድ አሞቁት፣ አሽከርክረውም ገፉት፤ የቀለጠው ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ቀዳዳውን የመርፌ ዓይን አደረገው። ሻወሩ ሲያንስ ጥፋቱ የሮቶው ሆነና አንድ ሜትር ከፍ ተደረገ። አንድ ሜትር የሚጨምረው 0.1 ባር ነው፤ 2,000 ሊትሩ ግን ከነሙሉ 2 ቶኑ ጋር በሁለት አንግል ብረት ላይ ተሰቅሏል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ ጓሮ ውስጥ በተቀጠሉት አራት ሰርቪስ ቤቶች ነው። የሕንፃ አዋጁ አዲስ ሕንፃ መሥራትም ሆነ ነባሩን ማሻሻል ፈቃድ ይጠይቃል ይላል፤ በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕንፃ ኮድም 9ኛውን ክፍል ለቧንቧ፣ 10ኛውን ለኤሌክትሪክ ሰጥቶ ነበር። የሚመረምር ሰው ቢመጣ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ቧንቧው ሳይለሰን በእጅ ፓምፕ እስከ 10 ባር ተሞልቶ የግፊት መለኪያው ጌጅ ባለበት ይቆማል ወይ፤ የሽቦው ልባስ በ500 ቮልት ሜገር (የልባስ መለኪያ) ሲለካ 1 ሜጋኦም ይሞላል ወይ። ሁለቱም ከግማሽ ቀን አያልፉም። ለዚህ ነው ለሳኙ ዓርብ ማታ የተጠራው፤ ቅዳሜ ጠዋት ግድግዳው ተለስኖ፣ ሰኞ ቀለም ተቀብቶ፣ ማክሰኞ ተከራይ ገብቷል። አራት ቤት፣ አራት ምጣድ፣ አንድ መስመር።

ጎረቤት እትዬ ትላንት መጥተው ነበር፤ የኩሽናው ቧንቧ ትንሽ ይነዝራቸዋል። አባወራችን ለፊታችን እሑድ ቃል ገብተዋል፣ ናስትሮውም ተገዝቷል።