እርማት፦ የአቻ ደጋፊ የመድኃኒት መጠን አይወስንም

«በአእምሮ ሕመም ውስጥ ያለፈ ሰው ስለሆነ፣ የአቻ ደጋፊው መድኃኒቱ ስንት መሆን እንዳለበት ለቤተሰብ መንገር ይችላል» የሚለው ሐሳብ በቅንነት ሲደጋገም ይታያል። ትክክል አይደለም። የአቻ ደጋፊ፣ ማለትም ራሱ በሕመሙ አልፎ አሁን ሌሎችን የሚደግፍ ሰው፣ ያዳምጣል፣ ካሳለፈው የሚጠቅመውን ያካፍላል፣ ለቀጠሮ የሚጠየቀውን ከቤተሰቡ ጋር ያዘጋጃል፣ ሲፈለግም ጤና ጣቢያ ድረስ አብሮ ይሄዳል። መጠኑን የሚወስነው ያዘዘው ባለሙያ ነው።

በእንክብሉ ላይ ያለው ቁጥር ብቻውን አያወዳድርም። ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ሁለቱም የከባድ አእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ናቸው፤ ግን 2 ሚሊግራም ሃሎፔሪዶል በጉልበት ከ100 ሚሊግራም ክሎርፕሮማዚን ጋር ይቀራረባል። «እኔ 100 ነበር የምወስደው፣ የእናንተ 5 ምን ይሠራል?» ተብሎ የተጨመረ ሃሎፔሪዶል አንገት ሊያጣምም፣ ዓይን ወደ ላይ ሊሰቅል ይችላል። ቤተሰብ ይህን ሕመሙ ያገረሸ (አንዳንዴም ልክፍት) መስሎት መድኃኒቱን በአንዴ ካቋረጠ፣ ያን ጊዜ በእርግጥ ሊያገረሽ ይችላል። ምልክቱ ከታየ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ነው፤ ማርገቢያ መድኃኒት አለው።

ለማረጋገጥ ማሸጊያውን ይዛችሁ ያዘዘውን ባለሙያ ጠይቁ። የአቻ ደጋፊውንም «ይህ የሥራ ድርሻዎ ነው?» ማለት ነውር የለውም፤ በደንብ የሠለጠነ ከሆነ ራሱ «አይደለም» ይላል።