ውዳሴ ለጎንደር ጦማሪ ነጋዴዎች

ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻቸው አደረጉ። ይህን የጻፍሁት ታሪክ ላስተምር ብዬ አይደለም፤ በከተማችን የነጋዴ ጦማር (ብሎግ) ያለዚህ ዓረፍተ ነገር ተጀምሮ ስለማያውቅ ሥርዐቱን ላለማፍረስ ነው። ሆቴሉም በዚሁ ይጀምራል፣ ልብስ ሰፊውም በዚሁ ይጀምራል፤ ባለፈው ሰሞን ያነበብሁት የጎማ ጥገና ጦማር እንኳ ከፋሲል ግንብ ተነሥቶ፣ ራስ ደጀንን ዞሮ፣ በመጨረሻው መስመር ላይ ስለ ጎማ አንድ ቃል ተናግሯል። አላዋቂ ይህን ዙሪያ ጥምጥም ይለዋል። እኔ ግን እምነታቸውን አደንቃለሁ፤ የፍለጋ ሞተሩ (ጉግልና መሰሎቹ) ግንቡን ሊያይ ከሚመጣው ሕዝብ መካከል ጎማው የተነፈሰበትን ለይቶ እንደሚልክላቸው ያለ ጥርጥር ይጠብቃሉና።

ትጋታቸውም የሚያስቀና ነው። ጦማሮችን እየፈለገ ደረጃ ይሰጥ የነበረው ድረ ገጽ ቴክኖራቲ እ.ኤ.አ. በ2002 ተቋቁሞ፣ ጉግልም በ2005 የራሱን የጦማር መፈለጊያ ከፍቶ በነበረበት ዘመን፣ አዲስ ጽሑፍ በወጣ ቁጥር ጦማሩ ራሱ ለሞተሩ ምልክት ይልክ ስለነበር፣ ቶሎ ቶሎ የጻፈ ነጋዴ ቶሎ ቶሎ ይታይ ነበር። ቴክኖራቲ እ.ኤ.አ. በ2014 ለጦማሮች ደረጃ መስጠቱን ተወ፤ የጉግሉም የጦማር መፈለጊያ ዛሬ የለም። ነጋዴዎቻችን ግን ወዳጃቸውን የሚከዱ ሰዎች አይደሉም፤ ዛሬም በየማለዳው «መልካም ሰኞ»፣ «መልካም ማክሰኞ» እያሉ ይጽፋሉ። በዚህ ኑሮ ውድነት ለሞተ ዘመድ ተዝካር ማውጣት ከብዶ ሳለ፣ ለሞተ ማሽን በየቀኑ ተዝካር የሚያወጣ ነጋዴ ከጎንደር ሌላ የት ይገኛል? ጉግል እ.ኤ.አ. በ2009፣ አንባቢ ሳያያቸው ለሞተሩ ተብለው ከገጹ ጀርባ የሚጻፉትን ቁልፍ ቃላት የፍለጋ ውጤቶችን በደረጃ ለማስቀመጥ እንደማይጠቀምባቸው በይፋ ቢናገርም፣ «ቁልፍ ቃል አስገባልዎታለሁ» ለሚላቸው ወጣት መክፈላቸውን አላቋረጡም። ሥራ አጥነትን መቀነስ ማለት ይህ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ለፊደላችን ያላቸው ክብር ነው። በኮምፒውተር እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ስላለው፣ ለጆሮ አንድ የሆኑት ሞክሼዎች፣ አውቆ ያስማማቸው ከሌለ በቀር፣ ለማሽኑ የተለያዩ ናቸው። ይህን የሰማ አንድ ባለ ምግብ ቤት «ዓሣ ጥብስ፣ አሳ ጥብስ፣ ዓሳ ጥብስ፣ አሣ ጥብስ በጎንደር» ብሎ ጻፈና፣ ሊቃውንት ዕድሜ ልካቸውን የተከራከሩበትን ጉዳይ በአንድ መስመር አስታርቆ ገላገላቸው። የቅኔ መምህሮቻችን በአንድ ቃል ሰምና ወርቅ ያኖራሉ፤ እሱ በአራት ቃል አንድ ዓሣ አኖረ። አንድ እንግዳ አራት ዓይነት ምግብ መስሎት ልዩነታቸውን ቢጠይቅ፣ አስተናጋጇ አራቱም ማለቃቸውን በትሕትና ነገረችው።

እኔም ጥምቀት ሲቃረብ ለሚመጣ ዘመዴ አልጋ ልይዝ ፈልጌ፣ በፍለጋው አንደኛ የወጣውን የሆቴል ጦማር ከፈትሁ። «ጥምቀት በጎንደር» የሚለውን ዐሥራ ሰባት ጊዜ ቆጠርሁ፤ የአልጋውን ዋጋ፣ የስልኩን ቁጥርና ሆቴሉ ያለበትን ሰፈር ግን አጣሁ። እንዲህ ያለውን የንግድ ምሥጢር ለማንም ማሳየት ተገቢ አለመሆኑ ይገባኛል። በመጨረሻ አንድ የባጃጅ ሾፌር ጠየቅሁ፤ «ፒያሳ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ነው» ብሎ አደረሰኝ። ባለቤቱ በደስታ ተቀብሎኝ፣ ስልኩን አውጥቶ የራሱን ሆቴል ስም ጻፈና የራሱን ሆቴል አንደኛ ሆኖ ሲያገኘው እንደ አዲስ ተደነቀ። ቢያንስ «ከዳቦ ቤቱ ጀርባ» የሚለውን ቢጨምርበት ብዬ ባማክረው፣ በሐዘኔታ ተመለከተኝ።

«ዳቦ ቤት ብሎ የሚፈልግ ቱሪስት አለ?» አለኝ።