ስሜቱ ለሠራተኛው፣ ውሳኔው ለአለቃው

የአሜሪካ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች ለእያንዳንዱ አረጋዊ በቀን ቢያንስ 3 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ያህል የእንክብካቤ ጊዜ እንዲመድቡ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ደንብ ዓመት ሳይሞላው በቴክሳስ ዳኛ ተሻረ፤ ኮንግረሱ አፈጻጸሙን ወደ 2034 ገፋው፣ በ2025 መጨረሻ ላይ ደግሞ ያወጣው መሥሪያ ቤት ራሱ ሰረዘው። እኔን የባሰ ያናደደኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በሜሪላንድ በምትገኝ አንዲት ነርሲንግ ሆም የምትሠራ የቀድሞ ባልደረባዬ እንደነገረችኝ፣ ሥራ አስኪያጇ ሠራተኞቹን ሰብስባ ችግሩ የሠራተኛ ቁጥር ማነስ ሳይሆን የአመራር መሆኑን፣ እያንዳንዳቸው «መሪ» እንደሆኑና የባለቤትነት ስሜት ሊኖራቸው እንደሚገባ አስረድታለች። ይህ ሐረግ ከአዲስ አበባ ቢሮዎች ሜሪላንድ ድረስ መሻገሩ አላስገረመኝም፤ ባለቤትነቱን መስጠት ያልፈለገ ሰው የትም ቢሆን ስሜቱን ያድላል።

የቤቶቹ ባለቤቶች ደንቡ ቢጸና የሚቀጠር ሰው አይገኝም ሲሉ ነበር። የፌዴራል ሕግ ለሲኤንኤ፣ አረጋውያኑን ለሚያጥበውና ለሚያለብሰው ረዳት ተንከባካቢ፣ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ሥልጠና 75 ሰዓት ነው፤ በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል 75 ሰዓት የሚሠለጥን ሰው ጠፋ ብሎ መከራከር ድፍረት ይጠይቃል። የጠረጠረ ሰው በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ፣ አንድ የሐበሻ ካፌ ገብቶ ይጠይቅ፤ ወገቡ ተጎድቶ፣ የሲኤንኤ ፈቃዱን መሳቢያ ውስጥ ጥሎ ኡበር የሚነዳ ሰው ቡናው ሳይቀዘቅዝ ያገኛል። ሰው አልጠፋም፤ ሸሸ እንጂ።

ጥሩ አመራር ለውጥ እንደሚያመጣ አልክድም። ነገር ግን በነርሲንግ ሆም ውስጥ ሥልጣን የማን እንደሆነ ለማወቅ ግድግዳው ላይ የሚለጠፈውን የሺፍት ሰሌዳ ማየት ይበቃል። ሲኤንኤ ሆኜ በሠራሁበት ቤት የመርሳት ሕመም ያለባቸው አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ከቁርስ በፊት ገላቸውን ሊያጥብ የቀረበን ሁሉ ይማታሉ፣ ቡናቸውን ከጠጡ በኋላ ግን እጃቸውን ለሸሚዙ ራሳቸው ይዘረጋሉ። ይህን ለማወቅ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። በአራተኛው ሳምንት ሌላ ፎቅ ተመደብሁ። ሰሌዳውን ያወጣችው ሱፐርቫይዘር የምታውቀው የክፍሉን ቁጥር እንጂ አዛውንቱን አልነበረም። በእኔ ቦታ ከኤጀንሲ የመጣችው ልጅ በመጀመሪያው ጠዋት ተመታች፤ እርሳቸውም «ተደባዳቢ» ተብለው ተመዘገቡ። እነዚያን ሦስት ሳምንታት ከእኔ በቀር ማንም አያውቃቸውም ነበር፤ የጠየቀኝም የለም። መሪ ነሽ የተባለች ሠራተኛ ይህን ሰሌዳ መንካት ካልቻለች ምኑን ነው የምትመራው?

ሰሌዳውን ሠራተኞቹ ያውጡት ማለት የማይሆን ምኞት ነው የሚል ካለ፣ ሀብታም ባልሆነችው ሚሲሲፒ፣ ቱፔሎ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈቱትን «ግሪን ሃውስ» የተባሉ አነስተኛ የአረጋውያን ቤቶች ይመልከት። አሥር አሥር አረጋውያን በሚኖሩባቸው በእነዚያ ቤቶች ምግቡን የሚያበስሉት፣ እንክብካቤውን የሚሰጡትና ሰሌዳቸውን ተነጋግረው የሚያወጡት ራሳቸው ሲኤንኤዎቹ ናቸው፤ ነርሷ ሕክምናውን ትመራለች እንጂ አለቃቸው አይደለችም። በኔዘርላንድስም እ.ኤ.አ. በ2006 የተመሠረተው ቡርትዞርግ የተባለ የእንክብካቤ ድርጅት የቤት ለቤት ነርሶቹን ቢበዛ አሥራ ሁለት በሆኑ ቡድኖች አደራጅቶ፣ ቅጥሩንም ድልድሉንም ያለ አለቃ ለራሳቸው ትቶላቸዋል። አስተውሉ፤ በግሪን ሃውስ ሥልጣኑ የመጣው ከበቂ እጅ ጋር ነው፣ ቀን ላይ ለአሥር ሰው ሁለት ተንከባካቢ አለና። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚሆነው ሃምሳው ሰው ሲኖር ነው፤ ሎሚውን ሁሉ አንዲት ሴት ላይ ጭኖ «መሪ ነሽ» ማለት ስድብ እንጂ ሹመት አይደለም።

የሥራ አስኪያጇ ስብሰባ፣ ባልደረባዬ እንዳለችኝ፣ አርባ ደቂቃ ፈጅቷል፤ በመተላለፊያው ላይ የጥሪ መብራቶች በርተው ነበር። የተሰረዘው ደንብ ለአንድ አረጋዊ በቀን ከተመዘገበ ነርስ (ሬጅስተርድ ነርስ) የጠየቀው 33 ደቂቃ ነበር።