እድሜ ለፕሮፎርማ

እንደ መሥሪያ ቤት የፕሮፎርማ ግዥ ሰው የሚያቀራርብ ነገር ባሕር ዳር ላይ አላየሁም። ሽማግሌ እንኳ እንዲህ አይሳካለትም።

ግልጽ ጨረታ ምን ያደርጋል? በኩር ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ 15 ቀን አየር ላይ ይውላል፣ ሲፒኦ የሚሉትን የባንክ ማስያዣ አሲዙ፣ ዋናና ኮፒ ለዩ፣ በሰም አሽጉ፣ በ16ኛው ቀን ደግሞ ተጫራቹ ሁሉ ተሰብስቦ ኤንቨሎፕ ይቀደድና ዋጋው ጮክ ተብሎ ይነበባል። ይሄ ሁሉ ተለፍቶ ማንም የማያውቀው ባይተዋር፣ ርካሽ ዋጋ ብቻ ይዞ መጥቶ ሊያሸንፍ ይችላል። ነውር አይደል?

ፕሮፎርማ ግን ጨዋ ነው። ለአነስተኛ ግዥ ከሦስት አቅራቢ ዋጋ ሰብስባችሁ አወዳድሩ ነው ነገሩ። መመሳጠር ክልክል ነው፤ መተሳሰብ መች ተከለከለ?

ባለፈው ሰኔ፣ በጀቱ ሊዘጋ ቀናት ሲቀሩት፣ አንድ የግዥ ሠራተኛ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቄ ድረስ መጣ። «ጋሼ፣ ማኅተም ብቻ ጣል አድርጉባት።» ዋጋው ተሞልቶ አልቋል። እኔ አጃቢ ነኝ። አሸናፊው ጎረቤቴ፣ ሌላኛው አጃቢ ደግሞ የጎረቤቴ ባለቤት ናት፣ በወንድሟ ንግድ ፈቃድ። በኔ ስም የገባውን ዋጋ ሳይ ደነገጥኩ፤ ዕቃዬን እንዲህ አክብሬው አላውቅም። ሦስቱም ወረቀት ላይ «ደብተር» የሚለው «ደተብር» ተብሎ ተጽፏል። ኮሚቴው ግን ቁጭ ብሎ አወዳደረን፣ ቃለ ጉባኤም ያዘ። እንዲህ ያለ ትዕግሥት የት ይገኛል?

(ጣና ላይ ያለውን እምቦጭ ከዳር ሆናችሁ ስታዩት ለየብቻው የበቀለ ይመስላል። አንዱን ሳብ ስታደርጉት ነው ሌላው ተያይዞ የሚመጣው።)

ግዥው ለፕሮፎርማ ከተፈቀደው ጣሪያ ካለፈስ? ለሱም መላ አለው። ሰኞ ወንበር ይገዛል፣ ረቡዕ ጠረጴዛ፣ ዓርብ ደግሞ ሰኞ የተረሱት ወንበሮች። ቢሮው በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ዕቃ እንደጎደለው ትዝ ቢለው ምን ይደንቃል፣ ሰኔ ነው።

እኔማ ማኅተሜን አሳረፍኩ፤ ጎረቤት ነው፣ ነገ ለኔም ይደርሳል። ደረሰም። የሚቀጥለው ተራ ያንተ ነው ተብያለሁ። ማሸነፌን ካሁኑ አውቄያለሁ፣ የምን ዕቃ እንደሆነ ነው ገና ያልተነገረኝ።