የሬዚደንቶች አማራጭ ሥልጠና ከዲዩቲ ድልድሉ ይጀምር

በአገራችን አንድ ጠቅላላ ሐኪም ስፔሻሊስት ለመሆን ሬዚደንሲ ሲገባ እንደ ትምህርት ክፍሉ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይሠለጥናል። ብዙዎቹ ሬዚደንቶች በክልል ጤና ቢሮ ወይም በዩኒቨርሲቲ ስፖንሰርነት የሚገቡ በመሆናቸው ሲመረቁ ወዴት ተመልሰው እንደሚያገለግሉ ገና ሲመዘገቡ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ይህ መታወቁ በሥልጠናው ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ ሲያመጣ አይታይም። በትልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታል የሚቀረውም ሆነ በአንድ የዞን ከተማ ብቸኛው የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት የሚሆነው በአንድ ዋርድ (የሕሙማን ክፍል)፣ በአንድ ራውንድ (የሕሙማን ዙር ጉብኝት) እና በአንድ ፈተና ያልፋሉ።

ሁሉም ሊጨብጠው የሚገባ የጋራ መሠረት መኖሩ አያከራክርም። እኔ የምለው መሠረቱ ሳይነካ፣ ሬዚደንቱ ወደፊት ለሚጠብቀው ሥራ በፈቃዱ የሚመርጠውና ጊዜ የተቆረጠለት የሥልጠና መስመር፣ በሙያው አጠራር ‹ትራክ›፣ ይኑር ነው። ይህ ከፌሎሺፕ ጋር ሊምታታ አይገባም፤ ፌሎሺፕ ስፔሻሊቲው ካለቀ በኋላ የሚመጣ ተጨማሪ ሥልጠና ሲሆን ትራክ ግን በዚያው በሬዚደንሲው ውስጥ የሚካሄድ ነው።

የመጀመሪያው መስመር ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ለሚገኝ ጠቅላላ ሆስፒታል የሚያዘጋጅ ነው። በጤና ሥርዓታችን አደረጃጀት አንድ ጠቅላላ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ያገለግላል ተብሎ ይታሰባል። በዚያ የሚመደብ አዲስ ስፔሻሊስት የፓቶሎጂ (የሕብረ ሕዋስ ምርመራ) ውጤት በእጁ ሳይኖር መወሰን፣ የትኛውን ታካሚ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል መላክ እንዳለበትና የትኛውን መላክ ቤተሰቡን ለከንቱ ወጪና እንግልት መዳረግ እንደሚሆን መለየት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሌሊት የሚያማክረው ሲኒየር በሌለበት ኃላፊነት መውሰድ ይጠበቅበታል። በሥልጠናው ዘመን ሁሉ ሪፈር ሲቀበል የኖረ ሐኪም በአንድ ጊዜ ሪፈር ጸሐፊ ይሆናል። ይህንን ችሎታ ከተመረቀ በኋላ ብቻውን፣ በታካሚዎቹ ላይ እየተሳሳተ እንዲማረው የምንተውበት ምክንያት አይታየኝም።

መፍትሔው ከዚህ በፊት የተሞከረ ነው። በአሜሪካ ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቤተሰብ ሕክምና ሬዚደንቶች የመጀመሪያውን ዓመት በስፖኬን ከተማ ትልልቅ ሆስፒታሎች፣ የቀሩትን ሁለት ዓመታት ደግሞ ኮልቪል በምትባል ትንሽ ከተማ የሚሠለጥኑበት መስመር ተዘርግቶ በሌሎች ክፍለ ግዛቶችም ተስፋፍቷል። ከእንዲህ ዓይነቱ መስመር የሚወጡ ሐኪሞች በገጠር የመቆየት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። እርግጥ ነው፣ ቀድሞውንም ገጠር ለመሥራት የሚያዘነብሉት ናቸው ይህንን የሚመርጡት። ቢሆንም ዝንባሌው ያለውን ሰው ለይቶ ማዘጋጀት በራሱ ትርፍ ነው። ለእኛ ሁለት ዓመት ይበዛ ይሆናል፤ በሦስተኛው ዓመት ከአራት እስከ ስድስት ወር፣ ስፖንሰር ባደረገው ክልል በሚገኝ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ በቦታው ባለ ስፔሻሊስት ኃላፊነት ሥር መሥራት ለጅምር በቂ ነው።

ሁለተኛው መስመር የማስተማር ነው። በ2004 ዓ.ም. ብቻ ከአሥር በላይ አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል። ትናንት ሬዚደንት የነበረው ዛሬ መምህር ይሆናል፤ ፈተና ያወጣል፣ በታካሚ አልጋ ዙሪያ ተማሪዎችን ሰብስቦ ያስተምራል፤ እንዴት እንደሚያስተምር ግን ያስተማረው የለም። የራሱን ሲኒየሮች ይኮርጃል፤ ጥሩዎቹን ከኮረጀ እሰየው፣ በዋርድ ውስጥ ተማሪን ማዋረድ ማስተማር የሚመስላቸውን ከኮረጀ ግን ጉዳቱ ወደሚቀጥለው ትውልድ ይሻገራል። ስለ ምርምር መስመር ብዙ አልልም፤ በመጨረሻው ዓመት በዲዩቲ (በተረኝነት ሥራ) መካከል ተጣድፎ የሚጻፈውን ቴሲስ (የመመረቂያ ጥናት) ያየ ሰው አስፈላጊነቱን ይረዳዋል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ሬዚደንሲ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በዓመት ሦስት ጊዜ ለአንድ አንድ ወር እየመጡ ያስተምሩ ነበር። ከእነርሱም ጋር አንድ የቶሮንቶ ሬዚደንት አብሮ ይመጣ ነበር። ለፕሮግራሙ ትልቅ ክብር አለኝ። ነገር ግን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ከካናዳ የሚመጣው ሬዚደንት በሥልጠናው መካከል አዲስ አበባ ድረስ ለመምጣት የሚሆን ጊዜ ሲያገኝ፣ የእኛው ሬዚደንት ደብረ ብርሃን ወይም ወሊሶ ሄዶ ለመሥራት የሚሆን ወር ማጣቱ ነው።

የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ተገቢም ነው። የማስተማሪያ ሆስፒታሎቻችን ሌሊት የሚተዳደሩት በሬዚደንት ትከሻ በመሆኑ ሦስት ሬዚደንቶችን ወደ ሌላ ቦታ ብንልክ በቀሩት ላይ ዲዩቲው ይከብዳል። የጤና ባለሙያዎች በግንቦት 2017 ዓ.ም. የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ አንስተው ሥራ እስከ ማቆም በደረሱበት አገር፣ ‹አማራጭ› በሚል ስም ሌላ ያልተከፈለበት ሸክም መጫን ስህተት ይሆናል። ስለዚህ ትራክ የሚመርጥ ሬዚደንት ከዲዩቲ ድልድሉ የሚቀነስለት ሰዓት በጽሑፍ ሊታወቅ፣ ክፍተቱንም ማን እንደሚሸፍን ከመጀመሩ በፊት ስምምነት ሊደረስበት ይገባል። የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪው ከሬዚደንቱ ኪስ እንዳይወጣ ስፖንሰር አድራጊው ክልል ቢሸፍነው፣ ነገ የሚያገለግለውን ሐኪም ዛሬ ማሠልጠኑ ነውና የሚጎዳ አይመስለኝም። ይህ ካልተደረገ የምናተርፈው በምረቃ ቀን የሚሰጥ አንድ ተጨማሪ ሰርተፊኬት ብቻ ነው።

አጀማመሩ በአንድ ትምህርት ክፍልና በሁለት ወይም ሦስት ፈቃደኞች ቢሆን ይበቃል። ምርጫው በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ቢጠየቅ፣ ሬዚደንቱ ዋርዱን ካየና ራሱን ካወቀ በኋላ ይመርጣል። ሐሳቡን የለወጠም ያለ ቅጣትና ያለ ወቀሳ ወደ መደበኛው ሥልጠና እንዲመለስ በሩ ክፍት ይሁንለት።