የጡንቻ ቁጠባ በደብረ ብርሃን

ሐበሻ መቆጠብ አያውቅም የሚል ሰው ደብረ ብርሃንን አላያትም። ጠዋት አስፋልት ዳር ውጡና እዩ። ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ ጎልማሳ ባጃጅ ይጠብቃል። የሚሄድበት ቤት ከቆመበት ይታያል። የበሩን ጽሑፍ ሳይቀር ማንበብ ይችላል። ግን አይራመድም። እግሩን ለክፉ ቀን አስቀምጦታል።

እንዲህ ያለ ትዕግሥት ሊመሰገን ይገባል። አንዱ ባጃጅ ሞልቶ ያልፋል፣ ሌላው ወደ ጠባሴ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናትና ብርዱ ይሉኝታ የለውም። ሰውዬው ይንቀጠቀጣል። ጥበቡ እዚህ ላይ ነው! የሚንቀጠቀጠው በጅማት ከአጥንት ጋር የተያያዘው ጡንቻ ነው። ይህ ዓይነቱ ከ600 በላይ ሲሆን ከክብደታችን 40 በመቶ ገደማውን ይይዛል። ወትሮ የሚሠራው ስናዘው ነው። ባለቤቱ ዝም ሲል ግን በብርድ ጊዜ አንጎል ራሱ ያዘዋል። በክሮቹ ውስጥ አክቲንና ማዮሲን የሚባሉት ፕሮቲኖች እርስ በርስ እየተንሸራተቱ ጡንቻውን ያኮማትሩታል፤ ሙቀትም ይወጣል። ቢራመድም ያው ይሞቀው ነበር። ችግሩ፣ ያኔ ይደርሳላ!

በጋቢው ውስጥ የክንዱ ፀጉር ቆሟል። ያ የለስላሳ ጡንቻ ሥራ ነው። ህዋሶቹ እንዝርት መሳይ ናቸው፣ እንደዚያኛው መስመር መስመር የላቸውም፣ ትእዛዝም አይጠብቁም። በደም ሥር፣ በጨጓራና በአንጀት ግድግዳ ላይ ያለው ይኸው ነው። የጠዋቱን ፍርፍር ወደ ታች የሚገፋውም እሱ ነው። ፍርፍሩም ባጃጅ ቢጠብቅ ጉዳችን ነበር።

መጣ! ኋላ ሞልቷል፤ የእኛ ሰው ከሾፌሩ ጎን ይሰካል። ከሰውነት ጡንቻ ሁሉ ትልቁ የመቀመጫው ነው። ዳገት ሊያስወጣ፣ ከተቀመጡበት ሊያስነሳ የተሠራ ነው። አሁን ግማሹ ውጭ ተንጠልጥሎ የባጃጁ ላስቲክ በጥፊ ይለዋል። ሳይደላደል «ወራጅ አለ!» ይላል።

«ጋሼ፣ እዚህችው ነበር እንዴ?»

«ታዲያ በእግሬ ልምጣልህ?»

ልቡን አታንሱብኝ። እሷ ቁጠባ የሚባል አልሰማችም። ጡንቻዋ መስመር መስመር ያለው ቢሆንም ለባለቤቱ አይታዘዝም። ቅርንጫፍ ያላቸው ህዋሶቿ እጅ ለእጅ ተያይዘው በአንድነት ይመታሉ፣ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል። ድሮ ባት ታግዛት ነበር። ሲራመድ እየተኮማተረች ደም ሥሩን ጨምቃ ደሙን ሽቅብ ትልክላታለች። ባት ዛሬ ዕረፍት ላይ ናት። ዕረፍቱ ሲረዝም ደግሞ እየሟሸሸች ትሄዳለች፤ ይኼ ተቀማጭ ወለድ የለውም።

የወረደው ሥጋ ቤት ነው። እዚህ ፕሮፌሰር ነው። «ከታናሹ አድርገህ፣ ከሽንጡ ጣል አርገህ፣ ጅማት እንዳታስገባብኝ!» የበሬውን ጡንቻ አንድ በአንድ በስም ይጠራል። በሬው ያን የመሰለ ጡንቻ ያወጣው ባጃጅ ተሳፍሮ እንዳልሆነ የሚነግረው ብቻ ጠፋ።

ደግሞ አንድ ጡንቻ ላይ አይሰስትም፤ ምላሱ ላይ። አባቶቻችን ከመንዝ አንኮበር በእግራቸው ይመላለሱ እንደነበር ያወራል። ዳገቱን ሲያወጣን፣ ቁልቁለቱን ሲያወርደን እኛ ሰሚዎቹ ደከመን። እሱ ላብ ጠብ አላለውም።

ሥጋው ተመዘነ። አስተናጋጁ «ቁርጥ ይሁንልዎ?» አለው።

አሰበ። መንጋጋም ለካ ከሚታዘዙት ወገን ነው።

«ክትፎ አድርገው» አለ። «ቁርጥ ማላመጥ አለው።»