ውድ ወንበር፣ ባዶ አስፋልት

ከደብረ ብርሃን ቤልጅየም ድረስ የሄድኩት ስፓ በተባለው መሮጫ የሚካሄደውን የፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር ለማየት ነበር፤ ትኬቱን የቆረጠልኝ የአጎቴ ልጅ ግን፣ ውድ ሁሉ ጥሩ መስሎት፣ መነሻው ፊት ለፊት አስቀመጠኝ። ዙሩ 7.004 ኪሎ ሜትር ነውና መኪኖቹ ገና በመጀመሪያው ዙር ሽው ብለው ካለፉ በኋላ ሁለት ደቂቃ ለሚጠጋ ጊዜ እርጥብ አስፋልት ላይ አፍጥጬ ቀረሁ። በእኛ አገር የጥምቀት ፈረስ ግልቢያ ያየ ሕፃን እንኳ ልጓም ተይዞ የሚታጠፍበትን ቦታ ይመርጣል! መቀዳደሙ የሚበዛው ረጅሙ የኬመል ቀጥታ መንገድ አብቅቶ፣ ፍሬን ተይዞ ወደ ሌ ኮምብ በሚታጠፍበት ስፍራ ነው፤ እዚያ አካባቢ ደግሞ በርካሽ ትኬት ሣሩ ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል። (ጋቢዬን ያበሰበሰውን ዝናብማ አላነሣውም።) የአጎቴ ልጅ ግን ዛሬም «ፊት ለፊት አስቀምጬህ!» እያለ ውለታ ይቆጥርብኛል።